መርዶው ገና ያልደረሳቸው ሁለት እህቶች

የወይዘሮ ማሚቱ አስማረ ዜና ሕይወት፤ የግቢ ጎረቤታቸውና የዕድራቸው አባል በሆኑት በመምህር ዊሊያም የተነበበ

ለቀብር የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ በዚህ የመጋቢት ፀሐይ ቆማችሁ ለመስማት ስለታገሣችሁ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። በዚህ ዓመት ስንት ድንኳን ጥለን ስንት ድንኳን እንዳነሣን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንበር የሚሸከመውም፣ የሚያለቅሰውም፣ የሚያነበውም ደክሞታል። ሆኖም ንባቡ ከመጀመሩ በፊት የሟች አደራ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ እንድታደርጉና ይህን ቀብር ፎቶ አንሥታችሁ የትም እንዳትለጥፉ ነው። ምክንያቱን ታሪካቸው ራሱ ይነግራችኋል።

ወይዘሮ ማሚቱ ከአባታቸው ከአቶ አስማረ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመናሹ በ1963 ዓ.ም. በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ በየጁ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ዐሥራ አራት ሲደርስ የ1977ቱ ድርቅ አገሩን ስላራቆተው፣ ቤተሰቡ በሰፈራ ፕሮግራም ተመዝግቦ፣ ከፊሉን መንገድ በአውቶቡስ ከፊሉን በጭነት መኪና ተጉዞ እዚህ ጋምቤላ ምድር አቦቦ ገባ። የወባን ነገር እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ክረምት እናታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን በአንድ ወር ውስጥ ወሰደቻቸው። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀርተው፣ በወንዝ ዳር በቆሎ መዝራትን ከአኙዋክ ጎረቤታቸው ከአቶ ኦጁሉ ተምረው፣ እየታመሙም እየዳኑም ኑሮን ቀጠሉ። ወይዘሮ ማሚቱ በአቦቦ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ሰባተኛን ያልቀጠሉት ጭንቅላት አንሷቸው ሳይሆን ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ስላልነበረ ነው።

በ1983ቱ ግርግር አብዛኛው ሰፋሪ ወደመጣበት ሲመለስ፣ አቶ አስማረ ‹‹እኔ ሁለት መቃብር ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ›› ብለው እዚያው አቦቦ ቀሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ድረስ ያንኑ መሬት አረሱ። ልጃቸውን ግን ሥራ ፈልጋ ራሷን እንድትችል ወደ ጋምቤላ ከተማ ላኳት። ወይዘሮ ማሚቱም ጥቂት ጊዜ በሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ ከቆዩ በኋላ እንጀራቸው ወጣና በአውሮፕላን ማረፊያው በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር አቧራውን አዳራሹ ውስጥ ስለሚያራግፈው፣ ጠዋት የጠረጉትን ከሰዓት ደግመው ይጠርጉ ነበር። እንዲህ ሆነው ሠላሳ ዓመት ያህል ሠሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲሸኙ ኖረው እሳቸው ግን አንድ ቀንም አልተሳፈሩም ነበር።

በዚያ ሥራ ላይ ነው ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ያገኙት። አንደኛዋ እንደሳቸው ከወሎ ሰፋሪ ቤተሰብ የሆኑት ወይዘሮ ሉሊት ናቸው፤ ሁለተኛዋ የኢታንግ ተወላጇ ወይዘሮ ኛኩዋት ናቸው፤ ኑዌርና የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመን። ሦስቱ በአንድ ግቢ ሦስት ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ማጀት እያበሰሉ፣ ዓሣ የጾም ምግብ ነው አይደለም እያሉ በየዐቢይ ጾሙ እየተከራከሩ፣ ሳይታረቁም ሳይጣሉም ብዙ ዓመት ኖሩ። ወይዘሮ ኛኩዋት በአማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም ‹‹አንተ›› ስለሚሉ፣ ወይዘሮ ማሚቱ በጓደኛቸው አፍ ዕድሜ ልካቸውን ‹‹አንተ ማሚቱ›› ነበሩ፤ አራሚ ሲመጣም ‹‹ተዋት፣ እኔን ይስማማኛል›› ብለው ይመልሱት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ፍቃዱ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ፈልገው ኤልናታን ያሉት ወይዘሮ ኛኩዋት ናቸው። አቶ ፍቃዱ ልጁ ሁለተኛ ክፍል ሳለ በጉበት ሕመም ስላረፉ፣ ወይዘሮ ማሚቱ ገና በወጣትነታቸው ባልቴት ሆኑ፤ ሁለቱ ጓደኞቻቸውም አንዳቸው ሥራ ሲገቡ ሌላቸው ቤት እየቀሩ፣ ፈረቃ እየተቀያየሩ ኤልናታንን አሳደጉት። የወይዘሮ ኛኩዋት ልጅ ኛሉዋክም አብራው አደገች፤ ልጆቹ ማን የማን እንደሆነ ለሥራ ወደ ግቢው የመጣ እንግዳ ይሳሳት ነበር።

ከዚያ መለያየት መጣ። ወይዘሮ ሉሊት ከባለቤታቸው ጋር የቡና መሬት ይዘው መቲ ገቡ፤ መቲ በካርታ ጎረቤታችን ብትሆንም በክረምት መንገድ ሌላ አገር መሆኗን የሄደ ያውቀዋል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ኛኩዋት የባለቤታቸው ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ጁባ ሲሄዱ፣ ኛሉዋክ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ከወይዘሮ ማሚቱ ጋር ቀረች። ወይዘሮ ማሚቱ ሁለቱንም ሸኝተው በተመለሱ ጊዜ ግቢው ሰፋባቸው። ለወራት ያህል ወጥ የሚሠሩት በልማድ ለሦስት ቤት ስለነበረ፣ ትርፉን የምንበላው እኛ ጎረቤቶች ነበርን።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እኛ የቅርብ ጎረቤቶች ይህን አባባል በጣም እንወደዋለን፤ ስለሚያሞግሰን ነው። ወይዘሮ ማሚቱም ጉርብትናችንን አልናቁም፤ ሆኖም ሆዳቸውን የሚያውቁት እነዚያ በሩቅ ያሉት ሁለቱ ነበሩ። ከመቲ በሾፌር እጅ ማርና ኮረሪማ ይመጣል፤ ከዚህ የደረቀ ዓሣ ይሄዳል፤ ወይዘሮ ሉሊትም ዓሣውን ከጾም ውጪ እንደበሉት በስልክ አጥብቀው ያስታውቃሉ። ቅዳሜ ምሽት ሦስቱ በስልክ የሚገናኙበት ሰዓት ነበረ፤ ኔትወርክ ከጠፋ ወይዘሮ ማሚቱ ስልኩን ይዘው ግቢውን ሲዞሩ ያየ ዕቃ የጠፋባቸው ይመስለው ነበር።

አሁን ወይዘሮ ማሚቱ ራሳቸው ‹‹የሠራሁት ጥፋት›› ይሉት ወደነበረው ነገር እንመጣለን፤ እንዳይዘለል ብለው ስላዘዙ አልተዘለለም። በደቡብ ሱዳን ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ወይዘሮ ኛኩዋት እዚያው ጁባ በተፈናቃዮች መጠለያ ውስጥ ሳሉ፣ ኢታንግ የነበሩት እናታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ማሚቱ ጓደኛቸው የእናታቸውን ሞት ሳያውቁ መዋላቸው ስለከበዳቸው፣ ክፉ ሳያስቡ ስልክ ደውለው ነገሯቸው። ወይዘሮ ኛኩዋት ስልኩን ያነሡት የውኃ ወረፋ ላይ ቆመው ነበር። ደግፎ የሚይዛቸው ሰው አልነበረም፤ ባዶ ጀሪካናቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወረፋ ከተለቀቀ ውኃ ስለማይገኝ ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው ቀዱና ተሸክመው ወደ ድንኳናቸው ገቡ። ይህን ለወይዘሮ ማሚቱ ያወጉት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያለ አንዳች ወቀሳ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን ጀሪካን ከዐይናቸው ማራቅ አልቻሉም።

መርዶ ሲነገር ጎረቤት ማለዳ ተሰብስቦ፣ ውኃ ተዘጋጅቶ፣ የቅርብ ሰው አጠገብ ተቀምጦ እንዲሆን አባቶቻችን የደነገጉት ለይምሰል አለመሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በከተማችን ዘመዱ ከድንበር ማዶ የሞተበት ሰው ሲኖር፣ ኑዌርም ይሁን አኙዋክ ወይም ደገኛ፣ ሴቶች ሰብስበው ማለዳ ደጁን የሚያንኳኩት ወይዘሮ ማሚቱ ሆኑ። እንዲያውም እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በማለዳ ሲያልፉ የሚያይ ሁሉ ወደኔ ቤት ነው ወይ እያለ ይሸበር ነበር። ሞት አይቀርም፤ ሰው ብቻውን አይስማው እንጂ ይሉ ነበር።

ኤልናታን መካኒክነት ተምሮ ሥራ ፍለጋ ጁባ ሄደ፤ ያረፈውም ከመጠለያው በወጡት በወይዘሮ ኛኩዋት ቤት ነው። አንዷ የሌላዋን ልጅ ይዛ፣ ኛሉዋክ እዚህ፣ ኤልናታን እዚያ ሆነው ሁለት ዓመት አለፈ። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ኤልናታን በጽኑ ትኩሳት ታሞ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ በወይዘሮ ኛኩዋት እጅ ላይ ዐረፈ፤ እሳቸውም እንደ ወግ ማዕረጉ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው ወይዘሮ ማሚቱ እስከ መጨረሻ ትንፋሻቸው ሲያመሰግኑ የኖሩት።

ወይዘሮ ኛኩዋት ለመቲዋ ጓደኛቸው ብቻ ነገሩ፤ ለወይዘሮ ማሚቱ ግን አልደወሉም። በአውሮፕላን መምጣትም አልቻሉም፤ ጋምቤላ ሲያርፉ አዳራሹን የሚጠርጉት ራሳቸው ወይዘሮ ማሚቱ ናቸውና እንደሚያዩአቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጀልባ ባለበት በጀልባ፣ መኪና ባለበት በጭነት መኪና፣ ሁለቱም በሌሉበት በእግራቸው ተጉዘው በፓጋክ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ። በመንገድ ላይ ሳሉ የወይዘሮ ማሚቱ ስልክ ሲመጣ ዋሽቶ መናገር ስላልሆነላቸው አያነሡም ነበር። ወይዘሮ ማሚቱም ጓደኛዬ አንድ ነገር ሆናለች ብለው ሰጉ፤ ለወይዘሮ ኛኩዋት ስለት ተሳሉ፤ ልጄ ስልክ ያላነሣው እሷን ሲያስታምም ነው አሉ። እኛ ወሬውን ከወይዘሮ ሉሊት በምስጢር የሰማን ጎረቤቶች ደግሞ ዐይናችንን ግንባር ያድርገው ብለን፣ ሰላም ስንላቸው መሬት መሬት እያየን እነዚያን ቀናት ገፋን። ለዚህ ዕድር ከዚያ የከፋ ሥራ ገጥሞት አያውቅም።

ወይዘሮ ሉሊትም የቡና ለቀማቸውን በእንጥልጥል ትተው ከመቲ ወረዱ። ሁለቱ ኢታንግ ላይ ተገናኝተው፣ አንድ ማለዳ ከእኛ ጋር የወይዘሮ ማሚቱን ደጅ አንኳኩ። ወይዘሮ ማሚቱ በሩን ከፍተው በሕይወት የሉም ብለው የሰጉላቸውን ወይዘሮ ኛኩዋትን ቆመው ሲያዩ መጀመሪያ በደስታ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ወይዘሮ ሉሊትን ከኋላቸው አዩ። ሁለቱ በአንድ ማለዳ ለምን እንደሚመጡ ለሌላው ሁሉ መርዶ ነጋሪ የነበሩት ወይዘሮ ማሚቱ ይስቱታል ወይ? እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ወይዘሮ ኛኩዋት ሳይወድቁ ያዟቸውና ‹‹አንተ ማሚቱ፣ ልጅህ ብቻውን አልሞተም፤ እኔ ይዤው ነበር›› አሏቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ብዙ ካለቀሱ በኋላ የመለሱት ቃል ‹‹እኔ በስልክ ነገርኩሽ፤ አንቺ በእግርሽ መጣሽልኝ›› የሚል ነበር። ሁለቱ ጓደኞች እስከ ዐርባው ፍራሽ ላይ አብረዋቸው ተቀመጡ፤ የመቲው ቡናም በዚያ ዓመት ዛፉ ላይ ደርቆ ረገፈ፤ ወይዘሮ ሉሊት ግን ስለ ቡናው አንድም ቀን አላነሡም።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ማሚቱ እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ነርስ የሆነችው ኛሉዋክም ከጎናቸው አልተለየችም፤ ነገር ግን ድካሙ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ስኳር ታመሙ፤ ስኳሩም ኩላሊታቸውን ጎዳው። ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈሩት ያን ጊዜ ነው፤ የጠረጉትን አዳራሽ በተሽከርካሪ ወንበር አልፈው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ቆመው እየሸኟቸው ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። እዚያ እየኖሩ የኩላሊት እጥበት መከታተል ስላልቻሉ ተመለሱ። ሲመለሱም ስለ በረራው የጠየቃቸውን ሁሉ ‹‹ከላይ ሲያዩት አቧራው አይታይም›› ይሉት ነበር።

በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፃቸው ስለደከመ፣ ቅዳሜ ምሽት ኛሉዋክ ስልኩን ትራሳቸው ላይ ታስቀምጠውና ሁለቱ ጓደኞች እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ ወይዘሮ ማሚቱ ይሰማሉ። ስለ ዓሣውና ስለ ጾሙ እንደገና ይከራከራሉ። ወይዘሮ ሉሊት ጉልበታቸው ስለታመመ መውረድ አልቻሉም፤ ለወይዘሮ ኛኩዋትም ያ የፓጋክ መንገድ ዛሬ አያስኬድም፤ ሁለቱም እየመጣን ነው እያሉ፣ ወይዘሮ ማሚቱም እሺ እያሉ፣ ሦስቱም እንደማይሆን እያወቁ ቆዩ። ይህን ንባብ ለመምህር ዊሊያም ባዘዙ ጊዜ ‹‹ስለኔ ብዙ አታንብብ፤ ወለል የጠረገ ሰው ታሪኩ አጭር ነው። እናትና ወንድም፣ ባልና ልጅ ቀብሬ ያልወደቅሁት ሁለት ሰዎች በሩቅ ሆነው ስለያዙኝ ነው፤ እሱን አንብብ›› ብለዋል። አስከትለውም ‹‹ሞቴን በስልክ አትንገሯቸው፤ ወደ ሁለቱም ሰው ይሂድ›› ብለው፣ ኛሉዋክንና ዕድሩን ቃል አስገብተዋል።

ትናንት ሐሙስ ማለዳ ወይዘሮ ማሚቱ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ገና ከመገነዛቸው ከሰፈራችን ልጆች አንዱ ክፉ ሳያስብ የሻማ ሥዕል ከ‹‹ነፍስ ይማር›› ጋር ፌስቡክ ላይ ስላወጣ፣ ሰዓት ሳይሞላ ወይዘሮ ኛኩዋት ከጁባ ደውለው በሰፈሩ ማን እንደሞተ ልጃቸውን ጠየቁ። ኛሉዋክ አስከሬኑ አጠገብ ቆማ፣ ልቅሶዋን ውጣ፣ ፊት ለፊቷ ያየችውን ሰው ስም ጠርታ ‹‹መምህር ዊሊያም ናቸው›› አለች። ወይዘሮ ኛኩዋት አለቀሱ፤ ደግ ጎረቤት ነበር አሉ፤ ሚስቱን እንድታጽናናም አደራ ብለው፣ ለማሚቱ ግን እንዳትደነግጥ አሁን እንዳትነግሪያት አሉ። ስለዚህ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ከትናንት ጀምሮ ጁባ ላይ ሟች ነው፤ በቁሙ ተለቅሶለታል፤ ቅሬታም የለውም።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ምሽት ላይ ሁለቱ ይደውላሉ። ስለዚህ ኛሉዋክ ከዚህ መቃብር በቀጥታ፣ ልብሷን ሳትቀይር፣ የእናቷ የወይዘሮ ማሚቱ እጅ ሲጠርገው ወደኖረው አውሮፕላን ማረፊያ ትሄዳለች፤ ነገ ጁባ ስትደርስም የወላጅ እናቷ የወይዘሮ ኛኩዋት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ደጅ ላይ ይጠብቋታል። ወደ መቲ ደግሞ መምህር ዊሊያምና ሁለት የዕድራችን እናቶች ዛሬውኑ ይነሣሉ፤ ወይዘሮ ሉሊት ጎረቤታቸው ተሰብስቦ፣ ተቀምጠው፣ ሰው ይዟቸው ይሰማሉ። ይህ ዜና ሕይወትም እዚያና እዚያ እንደገና ይነበባል፤ ዛሬ የተነበበው ለግማሹ ሐዘንተኛ ብቻ ነውና።

ወይዘሮ ማሚቱ የጁ ካሉት የአጎትና የአክስት ልጆቻቸው በተጨማሪ፣ ከአብራካቸው ሳይሆን ከእጃቸው ያደገችውን ልጃቸውን ኛሉዋክን፣ መቲ ያሉትን እህታቸውን ወይዘሮ ሉሊትን፣ ጁባ ያሉትን እህታቸውን ወይዘሮ ኛኩዋትን ትተው አልፈዋል። እህት መባላቸውን የሚጠይቅ ካለ በሟች ቃል የተጻፈ መሆኑን ይወቅ።

ደካሞችን የምታሳርፍ አምላካችን ሆይ፣ አገልጋይህን ማሚቱን መጥረጊያና አቧራ በሌለበት በብርሃን አዳራሽህ አሳርፋት፤ ከባሏ፣ ከልጇና አቦቦ ከተቀበሩት ሁሉ ጋር አገናኛት። በዚህች ሰዓት በመቲና በጁባ ማሚቱ ደህና ናት ብለው ሥራቸውን የሚሠሩትን ሁለቱን እህቶቿን ደግሞ አደራ እንልሃለን፤ የእኛ ሰው ደርሶ እስኪይዛቸው ድረስ፣ ወሬውን ከመንገድ አስቀርልን። አሜን።